አባቴ የቀራበት ጉባኤ

በኛ ቤት ቁርኣን ሲቀራ፣ ማለትም በቃል ሲነበብ፣ የተሳሳተ ሰው ወዲያው ቃሉ አይነገረውም። ተማሪው ሲስት አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ የወንበሩን እጀታ በጣቱ አንዴ ኳ ያደርጋል። «ተመለስና ፈልገው» ማለት ነው። ተማሪው ጥቂት ወደ ኋላ ይመለስና ይሞክራል። አሁንም ከሳተ አባቴ ዳግመኛ ኳ ያደርጋል። በሦስተኛው ግን የጠፋውን ቃል ራሱ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ አይቆጣም፣ አይገላምጥም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአንቀጹን መጀመሪያ ይናገርና ዝም ይላል። የቀረው በራሱ ይመጣል። «ቶሎ ብሰጠው ነገም እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃል፤ አብዝቼ ባዘገየው ደግሞ ያፍራል» ይል ነበር። ደንቡን ወሎ ካስተማሩት ሼኽ ይዞት እንደመጣ ነግሮኛል።

ሙስሐፉ፣ ማለትም የታተመው ቁርኣን፣ በጨርቅ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። አባቴ ሲያስተምር አያወርደውም። ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የያዘው ሰው ነውና እሱ ባለበት መጽሐፉን መክፈት ለማንም ትዝ አይለውም ነበር። እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በምትገኘው ጠባብ ግቢያችን ከሰፈር ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ካበቃ በኋላ ያቺን ኳ እየፈራሁ ነው ያደግሁት።

አድጌ ያንኑ ነገር ሥራዬ አደረግሁት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ከዚያም እዚያው መምህር ሆኜ ቀርቼ፣ በአገራችን ቁርኣን እንዴት እንደሚጠናና እንደሚያዝ ማጥናት ጀመርኩ። የጎረቤታችን ሴትዮ ይህን በሰሙ ጊዜ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «አባትሽ በነጻ በሚያስተምሩት አንቺ ደሞዝ ትበዪበታለሽ በይኛ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ለቀላል ባቡሩ ተብሎ መገናኛ አካባቢ መንገዱ ሁሉ በተቆፈረበት ጊዜ፣ ከውጭ አገርም ሰዎች የሚመጡበት የቁርኣን ጥናት ጉባኤ ልናዘጋጅ ተነሳን። እኔ የአዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። ጸሐፊ ማለት ባጁ ላይ የስም ፊደል ሲሳሳት፣ ሻይ ሲቀዘቅዝ፣ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሲያጣ የምትጠየቀዋ ሰው ማለት ነው። ሰብሳቢያችን የቀድሞ አስተማሪዬ የነበሩ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ግን ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ደም ግፊታቸው የሚነሳ። አይፈረድባቸውም። ሃይማኖት የሚል ቃል ያለበት ስብሰባ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ለአዳራሹ ፈቃድ ስንት ቢሮ እንደተመላለሱ እሳቸው ያውቃሉ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር ንግግራቸውን የሚዘጉት በአንድ ነገር ነው፤ «ከመርሐ ግብሩ ውጭ ከአዳራሹ አንድም ድምፅ እንዳይሰማ። አደራ። አንድም ድምፅ!»

ጉባኤውን በቂርኣት፣ በቁርኣን ንባብ፣ እንዲከፍቱልን የጋበዝናቸው ሰው ሳምንት ሲቀረው ታመምኩ ብለው ቀሩ። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ወዲያው ደግሞ በራ። ወደኔ ዞሩና «አባትሽ አሉ አይደል እንዴ? ምን እንጨነቃለን!» አሉ። ኮሚቴው በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም፤ እንደ ትሕትና ቆጠሩልኝ።

እኔ ግን የማውቀው ነገር ነበረኝ። አባቴ ከንጋቱ የሱብሒ ሰላት በኋላ ከሰፈራችን ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት እየተራመደ በቃሉ የመቅራት ልማድ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እወጣለሁ። ራጉኤልን ተሳልመው በቁልቁለቱ የሚመጡ እናቶች «እንደምን አደሩ አባታችን» ሲሉት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቅላቸዋል፤ ቂርኣቱን ግን አያቋርጥም። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ የነቢያት ታሪክ ተራ በተራ የሚመጣበትን ምዕራፍ እየቀራ ነበር። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አምስት ነቢያት አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ይመጣሉ፤ ሁሉም ሕዝባቸውን የሚያናግሩት በአንድ ዓይነት ቃል ጀምረው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከመክፈቻው በኋላ ነው። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ሲደርስ ይጠነቀቃል፤ ትንሽ ሐሳቡ ከሸሸ ከአንዱ ነቢይ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አባቴ ከመጀመሪያው ነቢይ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ መክፈቻውን ጨረሰና ተመልሶ የመጀመሪያው ነቢይ ውስጥ ገባ። ከዚያ እንደገና ወደ ሁለተኛው፤ እንደገና ወደ መጀመሪያው። ሁልጊዜ የምናርፍበት ባሕር ዛፍ ጋ እስክንደርስ አልወጣበትም። ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና «ዛሬ መንገዱ ረዘመብኝ» አለኝ።

ዕድሜ ነው ብዬ ራሴን አባበልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን እኔን በሟች አክስቴ ስም ጠራኝ፤ ሁለት ጊዜ። እናቴ ብትኖር እሷን አማክር ነበር። ቤት ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነበርንና ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ቁርኣኑን ረሳ ብሎ መናገር ለኔ ሞተ ብሎ ከማርዳት አይተናነስም ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው አዳራሽ ሙሉ ምሁር ፊት እንዳስቀምጠው የተጠየቅሁት። እምቢ ለማለት የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ምክንያቱን መናገር ራሱ እሱን አሳልፎ መስጠት ነው። ምናልባት ራሱ አይሆንም ይላል ብዬ ማታ እራት ላይ ነገርኩት። ደስ አለው! ሳምንቱን ሙሉ ኮቱን አሥር ጊዜ አስተኮሰ።

«አባዬ፣ አጭር ነገር ቢሆን ጥሩ ነው። የተሰጠን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው» አልኩት።

«አጭር አጭር፤ እሺ» አለ። ሕፃን እንኳ የማይስታትን አንዲት አጭር ምዕራፍ መረጠ። በየምሽቱ አስቀራሁት፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔ ግን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። አጭሩን ምዕራፍ አልፈራሁትም፤ የፈራሁት እሱን ነው። አባቴ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ልቡ ይሞቃል።

የጉባኤው ቀን በኮንትራት ታክሲ ወረድን። የመገናኛ አቧራ የታጠበውን ኮቱን እንዳያበላሽበት መስኮቱን ዘግተን በሙቀት ታፈንን። አዳራሹ ያለበት ሆቴል በር ላይ ባጅ ላንጠልጥልለት ብል እጄን ያዘኝ። «ምነው ልጄ፣ ስሜን የምረሳ መሰለሽ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት የውጭ እንግዶቹ፣ ከኋላቸው የኛ መምህራን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁርኣኑን በሙሉ በቃላቸው የያዙ ወጣት አስተማሪዎች ተቀምጠዋል። በስተመጨረሻ በሩ አጠገብ ባጅ ያላደረጉ ሁለት ሰዎች አሉ። ማን እንደጋበዛቸው ማንም አልጠየቀም፤ ሁላችንም ግን አይተናቸዋል። እኔ ጎን ላይ ከድምፅ ባለሙያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ፕሮፌሰሩ አባቴን ደግፈው መድረኩ ላይ ወዳለው ባለ እጀታ ወንበር አወጡት። ማይኩ አፉ ላይ ተስተካከለ።

አባቴ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ፊቱ ላይ ያን ደስታ ሳይ አለቀልኝ አልኩ። ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ፤ አጭሯን ምዕራፍ አይደለም። የነቢያቱን ነው።

ድምፁ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ያን ያህል ሰው በአንዴ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን ማማሩን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። እያንዳንዱን አንቀጽ ከሱ ቀድሜ በልቤ እላለሁ። የመጀመሪያውን ነቢይ ጨረሰ። ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። መክፈቻውን ጨረሰ። አሁን፣ አልኩ፤ ያ አላህ፣ አሁን። ተመልሶ መጀመሪያው ነቢይ ውስጥ ገባ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ወጣቶች ትከሻ ሲደርቅ አየሁ። እርስ በርስ ተያዩ። መስጊድ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ አፍ ቃሉ ወዲያው ይወጣ ነበር፤ የሚቀራ ሰው ሲስት መመለስ የሰሚው ግዴታ ነው። እዚህ ግን ጉባኤ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ጧት በር ላይ ለእያንዳንዳቸው ያንን አደራቸውን ደግመውላቸዋል። ወጣቶቹ መሬት መሬት አዩ። የውጭ እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ከነሱ መካከል ጽሑፉን አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ፤ እነሱም ይህ የኛ ቦታ አይደለም ያሉ መሰለኝ።

አባቴ ዳግመኛ ሁለተኛው ነቢይ ዘንድ ደረሰ። መክፈቻውን ጨረሰና ቆመ። ከዚያ በማይኩ ውስጥ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጣቱ ነው። የወንበሩን እጀታ ለራሱ መታው።

መሳሳቱን ያውቃል ማለት ነው። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻውን ሆኖ ራሱን «ተመለስና ፈልገው» እያለ ነው። ተመለሰ፤ ፈለገ፤ አላገኘውም። ሁለተኛ ኳ አደረገ። አሁን ድምፁ ቀጥኗል። ሮጬ ወጥቼ ልይዘው፣ ማይኩን ላስዘጋው፣ መብራት እንኳ ቢጠፋ ብዬ ተመኘሁ። ያን ዕለት መብራቱ የት እንዳለ እያወቀ ነው መሰለኝ አልጠፋም። ከቦታዬ ግን አልተነቃነቅሁም። ሁለት ጊዜ ራሱ መፈለግ አለበት፤ ያስተማረኝ እንዲህ ነው፤ ቀድሜ ብሰጠው እንደ ደካማ ሰው ቆጠርኩት ማለት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ መክፈቻውን ቀራና ጫፉ ላይ ቆመ። ዓይኑን አልገለጠም። አገጩን ብቻ ቀና አደረገ፤ የሆነ ሰው እንደሚጠብቅ ነገር።

ቃሉን ሰጠሁት።

ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። አዳራሹን ሞላው። ፕሮፌሰሩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። በሩ አጠገብ ካሉት ሁለቱ አንደኛው ቆመና አዳራሹን በዓይኑ ቃኘ፤ ማን እንደጮኸ፣ ምን ተብሎ እንደተጮኸ እየፈለገ ነበር። የሴት ድምፅ በመሆኑ የተቆጡም ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። አባቴ ግን ቃሉን ከኔ ተቀበለና ቀጠለ። ሁለተኛውን ነቢይ እስከ መጨረሻው ቀራው፤ አንዲት ፊደል ሳይስት። ሲጨርስ እጁን ፊቱ ላይ አሻሸና ኮቱን እያስተካከለ ወረደ።

ሻይ ዕረፍት ላይ ፕሮፌሰሩ ጥግ አስያዙኝ። «ምን ሆነሽ ነው? ምን ብለሽ ነው የጮህሽው? እነዚያ ሰዎች ጠየቁኝ እኮ!» ግንባራቸው በላብ ርሷል። ነገርኳቸው። የሚቀራው ሰው ሲረሳ ሰሚው እንደሚያስታውሰው፣ ይህም ከመርሐ ግብር በፊት የነበረ ደንብ እንደሆነ። ለእነዚያ ሰዎችም ሄደው ይህንኑ አስረዱ። ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም፤ ብቻ ሻይ ጠጡ።

ከእንግዶቹ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ተመራማሪ መጥተው እጄን ጨበጡ። ያን መመላለስ፣ ያን መደጋገም በሕይወታቸው እንዲህ ልባቸውን ሲነካ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። አባቴ ሆን ብሎ ያደረገው መስሏቸዋል። አመሰገንኳቸውና ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ የኔ ተራ ደረሰ። ጥናቴ አስተማሪዎች የተማሪን ስህተት እንዴት እንደሚያርሙ የሚመለከት ነው፤ ስለ ኳ፣ ሁለቴ ስለመመለስ፣ በሦስተኛው ቃሉን ስለመስጠት። አባቴ የአስተርጓሚውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ገጥሞ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ስጨርስ እኒያ ተመራማሪ እጃቸውን አወጡ። «አስተማሪው ራሱ ሲሳሳትስ ማን ያርመዋል?» ብለው ጠየቁ። ከሦስተኛው ረድፍ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። አስተርጓሚው ገና ሳይጨርስ አባቴ ከተቀመጠበት ጮክ ብሎ፣ «ታዲያ ተማሪ ያስተማረው ለምኑ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ሳቁ፤ ይህም ከመርሐ ግብር ውጭ መሆኑን ረስተውታል።

ስንመለስ ታክሲው የፈረንሳይን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። አባቴ ወደኔ ዞሮ፣ «ሦስተኛው ላይ ነው የሰጠሽኝ» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

«ደንቡን አልረሳሽም።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። «አንቺ ባትኖሪ እዚያው ስዞር እቀር ነበር።» ሳቀም።

ስለዚያ ነገር ያወራነው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለኝ። ያውቃል፤ እንደማውቅም ያውቃል። እሱ ሲጠፋበት እኔ እሰጠዋለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልን መዝለቅ እንችላለን አልኩ። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ክረምቱ ገባ። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት በቃሌ የያዝኩትን ለአባቴ የማሰማት ልማድ አለኝ፤ ያን ዓመት ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ጋቢ ለብሶ፣ እኔ ሥሩ ምንጣፍ ላይ። ያን ቀን መሐል ላይ ሳትኩ። ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው፣ ተመሳሳይ አንቀጽ አሳስቶኝ ዘለልኩ። ወዲያው ታወቀኝና ጣቱን ጠበቅሁ። አልመታም። ዝናቡ ሸፍኖብኝ ይሆናል ብዬ ራሴ ተመለስኩና ትክክለኛውን ቀራሁ።

ኳ።

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ፊቱ ላይ ያ ድሮ የማውቀው ትዕግሥት አለ። ተመለስኩ፤ ትክክለኛውን ደግሜ ቀራሁ። ኳ። አሁን ራሴን ተጠራጠርኩ። ያ አንቀጽ ስንት ዓመት በልቤ የኖረ ነው፤ እሱ ግን መታው፤ እሱ ደግሞ ሲያርመኝ ተሳስቶ አያውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቀራሁ። አባቴ ሳይቆጣ፣ ሳይገላምጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃሉን ሰጠኝ። የሰጠኝ የተሳሳተውን ነበር።

የተሰጠኝን ቃል ሳልቀበል ቀርቼ አላውቅም። ተነሳሁና ከመደርደሪያው ሙስሐፉን አወረድኩ። ከረጢቱን ፈታሁ። ቦታውን አገኘሁት፤ አየሁት። እንደኔ ነው።

ተመልሼ ሥሩ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም ነበር፤ ጣቴ ግን ያወቀ ይመስላል። የወንበሩን እጀታ አንዴ ኳ አደረግሁት። አባቴ ዓይኑን ገለጠ፤ አየኝ፤ ወዲያው ጨፈነውና እንደ ታዛዥ ተማሪ ከአንቀጹ መጀመሪያ ተነስቶ መፈለግ ጀመረ። አላገኘውም። ደግሜ መታሁ። ፈለገ። በሦስተኛው ቃሉን ሰጠሁት።

«እሱ ነው!» አለ፤ ፊቱ በራ። «እሱ ነው። አላህ ይባርክሽ፣ ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምቀራው ሙስሐፉን ከፍቼ ነው።